ከወሊድ በኋላ ግንኙነትና የእናት አእምሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው ልጁ ማንን እንደሚመስል ይከራከራል። ገንፎው ይበላል፣ ቡናው ይፈላል። እናትየዋ «እንዴት ነሽ?» ትባላለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። በቃ፣ የእሷ ተራ አለቀ። ጤና ጣቢያ ስትሄድም ካርዱ የልጁ፣ ክትባቱ የልጁ፣ ሚዛኑም የልጁ ነው። ስለ መኝታ ቤቷና ውስጧን ስለሚበላት ነገር የሚጠይቃት ብዙም የለም።

ከዚህ በታች ያሉት እናቶችና ባሎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው። የወሲቡን ጉዳይና የአእምሮውን ጉዳይ ለየብቻ አላስቀመጥኳቸውም። በአንድ ሰው ላይ አብረው ስለሚመጡ አብረው ቢታዩ ይሻላል።

ከወለድኩ በኋላ ግንኙነት መጀመር የምችለው መቼ ነው?

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቀን የለም። ሐኪሞች «ስድስት ሳምንት ያህል ቆዩ» የሚሉት ግን በምክንያት ነው። የእንግዴ ልጁ ተጣብቆበት የነበረው የማህፀን ግድግዳ ቁስል ነው። እስኪድን ድረስ ደምና ፈሳሽ ይወጣል። ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይገባል። ስፌት ካለሽ እሱም መዳን አለበት።

ስለዚህ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ራስሽን ጠይቂ። ደሙ ቆሟል? ቁስሉ ድኗል? አንቺስ ትፈልጊያለሽ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ቤት ውስጥ ጭራሽ አይነሳም። ቁስሉ ድኖ ፍላጎቱ ከሌለ ግን ጊዜው ገና ነው።

«ሌሎቹ ሁሉ ጀምረዋል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» ብለሽም አትጨነቂ። በአውስትራሊያ ሜልቦርን የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ 1,500 ገደማ እናቶች ተጠይቀው ነበር። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ግንኙነት የሞከሩት 41 በመቶ ነበሩ። በ12ኛው ሳምንት 78 በመቶ ደረሱ። ስድስት ወር ሞልቶም ገና ያልሞከሩ ነበሩ።

ክርስትናው አልፏል፣ ቀኑ ሞልቷል፣ ባለቤቴም ይጠብቃል። እኔ ግን ጭራሽ አያሰኘኝም። ምን ሆኜ ነው?

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ይቆጠራል። በሙስሊም ቤተሰብ ኒፋስ (የአራስነት ደም ጊዜ) ብዙውን ጊዜ እስከ 40 ቀን ይታሰባል። ቤተ እስራኤላውያንም አገር ቤት ሳሉ እናት 40 ወይም 80 ቀን በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። ይህን ልማድ እኔ እወደዋለሁ። እናት የምታርፍበት፣ ሌላው ሰው የሚያበስልላትና የሚያጥብላት ጊዜ ነው። ስንቱ አገር ያለች እናት ይህን አታገኝም።

ችግሩ የሚመጣው ቀኑ ሲሞላ ነው። አንዳንድ ቤት 41ኛው ቀን የዕዳ መክፈያ ይሆናል። ቀኑ ግን የሚከለክል እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። ደግሞም ሴት የወለደችውም ወንድ የወለደችውም ማህፀኗ የሚድነው በተመሳሳይ ጊዜ ነው።

ያለማሰኘቱ ምክንያት አብዛኛው ሰውነትሽ ውስጥ ነው። እንደወለድሽ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል። የምታጠቢ ከሆነ ደግሞ ወተት የሚያመጣው ፕሮላክቲን ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ኤስትሮጅኑ ቶሎ እንዳያንሰራራ ያደርገዋል። ስሜት ይቀዘቅዛል፣ ብልት ይደርቃል። እንቅልፍ ማጣቱን ጨምሪበት። ቀኑን ሙሉ ሕፃን ደረትሽ ላይ ተለጥፎ ውሎ፣ ማታ ሌላ እጅ ሲነካሽ «ኧረ ተዉኝ» ማለት ቢያምርሽ አይገርምም። ባልሽን ጠልተሽው አይደለም። ልጁ ምግብ ሲጀምርና ሌሊት መተኛት ስትጀምሪ ለብዙ እናቶች ቀስ እያለ ይመለሳል።

ከወሲቡ ውጪ ያለውም ነገር ሁሉ ደስ አላለኝም የምትይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ሞክረን ነበር፤ በጣም አመመኝ። ይህ ይለመዳል?

ጥርስ ነክሰሽ አትልመጂው። ሰውነት ሕመምን ያስታውሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳትነኪ ጡንቻሽ ይኮማተራል፤ ያ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል። «እሱ ቅር እንዳይለው» ብለው ችለው የሚያሳልፉ እናቶች ብዙ ጊዜ እዚህ አዙሪት ውስጥ ነው የሚገቡት።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድርቀት ነው። ፋርማሲ ውስጥ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ይሸጣል፤ ብዙ ሰው ኬዋይ ጄል ይለዋል። ቫዝሊንና ዘይት አትጠቀሙ፤ ኮንዶም ይቀድዳሉ። ጄሉ ካልበቃ ሐኪም በትንሽ መጠን በብልት ውስጥ የሚቀባ ኤስትሮጅን ሊያዝ ይችላል። ሌላው የስፌቱ ጠባሳ ነው። አዋላጅ ነርስ ወይም ሐኪም ይየው። አንዳንዴ ሥጋው ያለቦታው ያድጋል፣ አንዳንዴ ኢንፌክሽን አለ፤ ሁለቱም ይታከማሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ አትቸኩሉ። አንቺ በምትቆጣጠሪው አኳኋን ይሁን። «በቃ» ስትዪ በቃ መሆን አለበት።

አንድ የእኛ አገር ጉዳይ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው። ተገርዘው ብልታቸው የተሰፋም አሉ። ለእነሱ ከወሊድ በኋላ ያለው ሕመም የስፌት ብቻ አይደለም፤ የድሮው ጠባሳና የድሮው ፍርሃት አብሮ ይነሳል። ለሚያይሽ ባለሙያ ይህን መናገር አያሳፍርም፤ ሕክምናውን ይለውጠዋል። ከወሊድ በኋላ መልሶ መሰፋት ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ታዲያ ለምን ያመኛል?

ድርቀቱ የመጣው ከሆርሞን ስለሆነ አንቺንም አይምርሽም። ማህፀንሽ ውስጥ ያለው ቁስልም ያው ነው፤ ደሙም ይፈስሳል። የሆድሽ ስፌት ላይ ክብደት የማያርፍበት አኳኋን ምረጡ።

ያለ ምክንያት ያለቅሰኛል። ድካም ነው ወይስ በሽታ?

ቀኑን ተመልከቺ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን አካባቢ ሆድ የሚብሳቸው እናቶች ከግማሽ በላይ ናቸው። ትስቃለች፣ ወዲያው ታለቅሳለች፣ ትንሽ ነገር ያስከፋታል። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። ዕረፍትና ደግ ሰው ይበቃዋል።

ሁለት ሳምንት አልፎ ከቀጠለ ወይም ከባሰ ግን የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ይገጥማቸዋል፤ ዋናው ድባቴ ነው። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ከአምስት አራስ አንዷ ማለት ነው። ከወለዱ ወራት ቆይቶም ሊጀምር ይችላል።

ምልክቱ ሁልጊዜ እንባ አይደለም። አንዳንዷ ልጁ ተኝቶ እሷ አትተኛም። አንዷ ልጁን እያየች ምንም አይሰማትም፤ «ምን ዓይነት እናት ነኝ?» ብላ ራሷን ትኮንናለች። ሌላዋ ደግሞ በትንሽ በትልቁ አራስ ነብር ትሆናለች። እኛ ዘንድ ድባቴ ብዙ ጊዜ በአካል በኩል ነው የሚወራው፦ «አናቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ጭንቅ ይለኛል»፣ «ሰውነቴ ዛለ»። ለዚህ ደግሞ ፓራሲታሞል ተሰጥቷት ትመለሳለች።

የኤደንብራ መጠይቅ የሚባል አሥር ጥያቄ ያለው ቀላል የድባቴ መለኪያ አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። በአማርኛም ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ እናቶች ላይ ተሞክሯል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ውጤቱ «በሽተኛ ነሽ» አይልም፤ «ይህቺን እናት በደንብ አነጋግሯት» ይላል። እግረ መንገዱን የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ እንዲደረግልሽ ጠይቂ። ሁለቱም ከወሊድ በኋላ ይመጣሉ፤ ድባቴም ያስመስላሉ።

ድባቴውና ከባለቤቴ መራቄ ይገናኛሉ?

በጣም። ድባቴ መጀመሪያ የሚወስደው ደስ የማለትን አቅም ነው። ምግብ ጣዕም ያጣል፣ ጨዋታ ይሰለቻል፣ የባል መዳፍም እንደ ሸክም ይከብዳል። በተቃራኒውም ይሄዳል። ግንኙነቱ ያማታል፣ ትሸሻለች፣ እሱ ያኮርፋል፣ እሷ ጥፋተኛ ነኝ ትላለች፤ እዚያ ላይ ድባቴው ሥር ይሰድዳል። ሳትፈልግ ተገዳ ከሆነማ የባሰ ነው። መገደድ ሰውነትንም አእምሮንም ያቆስላል፤ ለሚያክምሽ ሰው ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ለዚህ ነው ምክሩ ለሁለት ሲከፈል የማይሠራው። የማህፀን ሐኪሟ «ቁስልሽ ድኗል፣ ጀምሪ» ብሎ ይሸኛታል። የአእምሮ ሐኪሟ ደግሞ ስለ መኝታ ቤቷ አይጠይቅም። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ጥያቄ ቢጨምር ግማሹ ነገር ይፈታ ነበር።

መድኃኒት ከታዘዘልሽ አትፍሪ። ለምሳሌ ሰርትራሊን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፤ እያጠቡ ይወሰዳል። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ የወሲብ ስሜትን ይቀንሳሉ። ይህን ሐኪሞች ሁልጊዜ አይነግሩም። ከገጠመሽ ዝም ብለሽ አታቋርጪ፤ ተናገሪ፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይቀየራል።

ቤተሰቦቼ «ብርድ መቷት ነው»፣ «መንፈስ ነው» ይሉኛል። ጠበል አይበቃም?

ጠበሉን ማንም አይከለክልሽም። መድኃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉ፤ በጠበሉ ምክንያት መድኃኒት መቋረጥ ግን የለበትም።

ጭራሽ የማይጠበቅበት ሁኔታ አለ። ከ1,000 እናቶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዝ የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ የሚባል ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድንገት ይነሳል። ለቀናት አትተኛም፣ ያልተነገረ ነገር ትሰማለች፣ ስለ ልጁ እንግዳ ነገር ታወራለች፣ ሰው ትጠረጥራለች። ይህ የሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ ዛሬውኑ። ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ የነገረችሽም እንደዚሁ። ብቻዋን አትተዉአት፣ ልጁንም ለብቻዋ አትስጧት፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ያውቀዋል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ታክመው ልጃቸውን ይዘው የሚመለሱ እናቶች ብዙ ናቸው። አራስ ብቻዋን አትተው የሚለው የአያቶቻችን ወግ እዚህ ላይ ነፍስ ያድናል።

የወሲብ ምክር አገልግሎት የሚባለው ምንድን ነው? ገብቼ ምን ይሉኛል?

ሰው ሲያስበው ያፍራል። እውነታው ቀለል ያለ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጃክ አኖን ያወጣው ባለ አራት ደረጃ አሠራር እስካሁን ይሠራበታል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ መስጠት ነው። ባለሙያዋ «ከወለዱ በኋላ ብዙ እናቶች በግንኙነት በኩል ይቸገራሉ፤ አንቺስ?» ትልሻለች። አለቀ። ሁለተኛው አጭር መረጃ ነው፤ ስለ ሆርሞኑ፣ ስለ ድርቀቱ፣ ስለ ጊዜው። ሦስተኛው ለአንቺ ብቻ የሚሆን ምክር ነው፤ ጄሉ፣ አኳኋኑ፣ ከባልሽ ጋር እንዴት እንደምትነጋገሪ። አራተኛው ወደ ስፔሻሊስት መላክ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው።

ይህ ማለት ለአብዛኛው ነገር ልዩ ክሊኒክ አያስፈልግሽም። ሠልጥና ጊዜ ያላት አዋላጅ ነርስ ትበቃለች። እውነቱን ለመናገር ጊዜው ነው የሚጠፋው፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ክፍሉም መጋረጃ እንኳ ላይኖረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ አራት ጊዜ እንድትታዪ ይመክራል፤ የመጨረሻው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሕፃኑን ለክትባት ስትወስጂ ያንን ቀን ለራስሽም ተጠቀሚበት።

(ከባል) እኔስ ምን ላድርግ? ስጠጋት ትሸሸኛለች።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንድትተኛ አድርጋት። ሌሊት አንዱን ተራ ውሰድ። ካጠባች በኋላ ልጁን አስገሳው፣ ዳይፐሩን ቀይር፣ እሷ ትመለስ ወደ እንቅልፏ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የሚሰጠው የሦስት ቀን ፈቃድ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለምንም አይበቃም። ስለዚህ ከሥራ መልስ ያለው ሰዓት ነው ያለህ።

ሁለተኛ፣ መዘዝ የሌለው መንካት ልመዱ። እጅ መያዝ፣ ጀርባ ማሸት፣ ማቀፍ፤ በዚያው የሚያበቃ። እያንዳንዱ እቅፍ ወደ ወሲብ የሚወስድ ከመሰላት እቅፉንም ትሸሻለች። ሦስተኛ፣ ከእናትህና ከእሷ መሃል ቁም። «እኛ እናንተን ወልደን በሦስተኛው ቀን እህል ፈጭተናል» የሚል ወሬ አራስን ያደቃል።

አንተም ሰው ነህ። ከአሥር አባቶች አንዱ ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። በወንድ ላይ ብዙ ጊዜ በንዴት፣ በመጠጥና ቤት አምሽቶ በመግባት ይወጣል። ይህን ራስህ ላይ ካየህ አንተም ሰው አናግር።

እያጠባሁ ነው፣ ወር አበባዬም አልመጣም። አረግዛለሁ?

ልታረግዢ ትችያለሽ። እንቁላል የሚወጣው ወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ነው። ማጥባት የሚከላከለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፤ ልጁ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ሌላ ካልወሰደ፣ ወር አበባሽም ካልመጣ። ሦስቱ ከተሟሉ 98 በመቶ ይከላከላል። አንዱ ከጎደለ አትተማመኚበት። የማታጠቢ ከሆነ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማርገዝ ይቻላል።

ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ከሆስፒታል ሳትወጪ ሊደረግልሽ ይችላል። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ በ48 ሰዓት ውስጥ ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ይገባል። ለምታጠባ እናት መርፌው ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን ግን ስድስት ወር እስኪሞላ ባትወስጂ ይመረጣል። ይህን እዚህ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ብዙ እናት «አያሰኘኝም» ስትል ውስጡ ያለው «እንደገና ባረግዝስ?» የሚል ፍርሃት ነው። መከላከያው ሲገባ ፍላጎቱም ሊመለስ ይችላል።

ስስቅና ሳስነጥስ ሽንቴ ያመልጠኛል። በዚህ ምክንያት ባለቤቴን እርቀዋለሁ።

ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ፊኛንና ማህፀንን ከታች የሚደግፈው የዳሌ ወለል ጡንቻ ልል ሆኖ ነው። ሽንት እንደምትይዢ አድርገሽ ጡንቻውን ጨብጪ፣ ጥቂት ቆይተሽ ልቀቂ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ደጋግሚው። ሽንት እየሸናሽ ግን አይደለም። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም።

ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ፊስቱላ (በብልትና በሽንት ፊኛ ወይም በአንጀት መሃል የሚከፈት ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። ይህ በስፖርት አይድንም፣ በኦፕራሲዮን ግን ይድናል። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ቅርንጫፍ አለው። የምታውቂያት ተደብቃ የምትኖር እናት ካለች ንገሪያት።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። እናቴ የለችም፣ አጥሚት የሚያፈላልኝም የለም።

ብቸኝነት ድባቴን ከሚጋብዙት አንዱ ነው። አሜሪካ ካለሽ 1-833-852-6262 ብለሽ ደውዪ፤ ለእናቶች አእምሮ ጤና የተከፈተ ነፃ መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል። አስተርጓሚ ጠይቂ። ሕይወትሽን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ 988 ነው። እስራኤል ካለሽ ጢፓት ሐላቭ (የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ) ያለችው ነርስ ያንን የኤደንብራ መጠይቅ ትሰጥሻለች። «ደህና ነኝ» ብለሽ ሁሉንም ዜሮ አትሙዪው። ባልሽን ወይም ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ፤ ስለ መኝታ ቤትሽ በእነሱ አፍ ልታወሪ አትችዪም።

አፍራለሁ። እንዴት ብዬ ልጀምር?

ከሐኪም ጋር ከሆነ በር ላይ አትተዪው፣ ስትቀመጪ ተናገሪው። «ከወለድኩ ወዲህ ከባለቤቴ ጋር ስሆን ያመኛል፣ ደግሞም ይከፋኛል» በዪ። ከአፍሽ ካልወጣ በስልክሽ ጽፈሽ አሳዪ። ሴት ባለሙያ ይሻለኛል ማለትም ይቻላል። «ይለምድሻል» ብሎ ከሸኘሽ ሌላ ባለሙያ ፈልጊ።

ከባልሽ ጋር ከሆነ አልጋ ላይ አይሁን። ልጁ ሲተኛ፣ ቡና ላይ ይሁን። «አንተን አልጠላሁም። ሰውነቴ ገና ነው፣ ልቤም ደክሟል። ለአሁኑ እቀፈኝ፤ ሌላው ሲደርስ እኔ እነግርሃለሁ።»